ከባንክ ቤት ወደ ወፍ ጥናት፦ እሑድ ብቻ ላለው ሰው ከየት ይጀመራል?

መስኮት 4፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሥራዬ ባንክ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሙሉ ቀን፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን። ኑሮዬ አዲስ አበባ። ወፍ ማየት እወዳለሁ፤ ግን «አየሁት፣ ደስ አለኝ» ከሚለው አልፎ ሌላ ሰው ሊጠቀምበት የሚችል እውቀት መያዝ እፈልጋለሁ። ዋልተር ሮትሽልድ ስለሚባል ባንከር አነበብኩ፤ በግለሰብ ደረጃ ከተሰበሰቡት ሁሉ ትልቁን የወፍ ስብስብ ያቋቋመ ነው ይላሉ። የዚህ ሰው ሕይወት ለእኛ ቢጤ ምሳሌ ይሆናል ወይስ የሀብታም ጨዋታ ነው? ባይኖኩላርስ የትኛውን? ምን ልመዝግብ? ከከተማ ሳልርቅ ከየትኛው ቦታና ከየትኛው ወፍ ልጀምር? «ትዕግሥት ይኑርህ» ብላችሁ እንዳትሸኙኝ፤ ዝርዝሩን ነው የምፈልገው።

ማኅደር፦
እንኳን ደህና መጣህ ወንድም። ሮትሽልድን ምሳሌ ከማድረግህ በፊት ሒሳቡን አብረን እንየው።

ሰውየው የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። (ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።) በለንደኑ የቤተሰቡ ባንክ ከ1889 እስከ 1908 ሠርቷል፤ ልቡ ግን አንድም ቀን እዚያ አልነበረም። 21 ዓመት ሲሞላው አባቱ ትሪንግ በሚባለው ርስታቸው ላይ ሙዚየም አሠሩለት፤ በ1892 ለሕዝብ ተከፈተ። የሜዳ አህዮች በሚጎትቱት ሠረገላ ለንደን ውስጥ የተንሸራሸረው፣ የ1917ቱ የባልፎር ደብዳቤም (የብሪታንያ መንግሥት አይሁድ በፍልስጤም ብሔራዊ መኖሪያ እንዲኖራቸው የደገፈበት) በስሙ የተጻፈለት እሱው ነው። ሀብቱን ከራስህ ደመወዝ ጋር ማወዳደር ትርፉ ድካም ነውና እሱን እለፈው። የሚወሰደው የአሠራሩ ነገር ነው።

ወፎቹን የሚይዝለት ኤርንስት ሃርተርትን፣ ነፍሳቱን የሚይዝለት ካርል ዮርዳንን ቀጠረ፤ ከ1894 ጀምሮ የሙዚየሙን የራሱን መጽሔት ማሳተም ያዙ። ከአንድ ዓይነት ወፍ ሁለት ሦስት ናሙና (ተገድሎ ቆዳው በጥጥ የተሞላ ወፍ ማለት ነው) ይበቃል በሚባልበት ዘመን እነሱ ያንኑ ወፍ ከየተራራው፣ ከየደሴቱ፣ ከየወንዙ ማዶ እያስመጡ በረድፍ ደረደሩት። ምክንያቱም የአንድ ወፍ ቀለም፣ የክንፍ ርዝመትና የመንቁር ውፍረት ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ የሚታወቀው ብዙውን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡት ብቻ ነው። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ናሙና እግሩ ላይ የታሰረች ወረቀት አለችው፦ የት፣ መቼ፣ ማን እንደሰበሰበው። በ1932 ሮትሽልድ ገንዘብ ሲቸግረው 280,000 ያህሉን የወፍ ናሙና ለኒው ዮርኩ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በ225,000 ዶላር ሸጠ። ያንን ስብስብ እዚያ የተረከበውና ያደራጀው ኤርንስት ማየር ነው፤ የዝርያ አፈጣጠርን በሚመለከት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ስማቸው ከገነነ ሊቃውንት አንዱ። ናሙናዎቹ ውቅያኖስ ተሻግረው፣ ባለቤት ቀይረው ዋጋቸው ያልወደቀው በዚያች ወረቀት ነው።

አሁን ደግሞ የተገላቢጦሹን እይ። ሪቻርድ ማይነርትዝሃገንም ከባንከር ቤተሰብ የተወለደ ነው፤ በወጣትነቱ በቤተሰቡ ባንክ በጸሐፊነት ሠርቶ ነው ወደ ውትድርና የገባው። በትርፍ ጊዜው የወፍ ሊቅ ሆነ፤ ወደ 20,000 የሚጠጋ ናሙና ለብሪታንያ ሙዚየም አስረከበ፤ እስኪሞት ድረስ (1967) ተከብሮ ኖረ። በኋላ ሲመረመር ብዙዎቹን ናሙናዎች ከራሱ ከሙዚየሙ ሰርቆ፣ ወረቀታቸውን ቀይሮ፣ «እኔ እዚህ ቦታ፣ በዚህ ቀን ሰበሰብኩት» ብሎ እንደመለሳቸው ታወቀ። የተያዘበትን መንገድ ባንክ ያለ ሰው ይወደዋል፤ ንጹሕ ኦዲት ነው። የተሰፋበት ክር፣ የተሞላበት ጥጥ፣ በኤክስሬይ የሚታየው የክንፍና የእግር አሰባበር ሁሉ የሰብሳቢው የእጅ ጽሑፍ ማለት ነው። «እኔ አዘጋጀሁት» ያለው ወፍ ውስጥ የሌላ ሰው እጅ ተገኘ።

ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ አንዲት የሕንድ ጉጉት ትበቃለች። ይህች ትንሽ የጫካ ጉጉት ለመጨረሻ ጊዜ በእርግጥ የተሰበሰበችው በ1884 ነበር። ማይነርትዝሃገን ግን በ1914 ጉጃራት ውስጥ አገኘሁ የሚል ናሙና ነበረው፤ ፈላጊዎችም በዚያ ወረቀት እየተመሩ በከንቱ ደከሙ። ወረቀቱ ሐሰት መሆኑ ሲታወቅ ሐሰተኛውን ቦታ ትተው የድሮዎቹ እውነተኛ ናሙናዎች ወደሚጠቁሙት ሄዱ፤ በ1997 ማሃራሽትራ ውስጥ በሕይወት አገኟት። አንድ የተጭበረበረ ቫውቸር፣ የስንት ዓመት ጉድለት።

ስለዚህ ለጥያቄህ፦ ዛሬ ወፍ መግደልም መሙላትም አያስፈልግህም። የወረቀቷ ሥራ ግን እንዳለ ነው፤ ቦታዋ ወደ ማስታወሻ ደብተርህ መዛወሩ ብቻ ነው ልዩነቱ። ናሙና በዓይንህ ማየት ከፈለግህ አራት ኪሎ የዩኒቨርሲቲው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ። ሜዳ ላይ ለአንድ ሴኮንድ የታየህን ወፍ እዚያ ቆሞ ታገኘዋለህ፤ የመንቁርና የእግር ቅርጽ ለማጥናት ይጠቅማል። ቀለሙን ግን አትመን፤ የቆየ ናሙና ይደበዝዛል፣ የእግርና የመንቁር ቀለም ደግሞ ከሞት በኋላ ወዲያው ይለወጣል።

የገፈርሳ ዳር፦
ማኅደር ታሪኩን ጨርሶታል፤ እኔ ዕቃውን ልያዝ።

8×42 ግዛ። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው፤ ሁለተኛው የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊሜትር። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስታካፍል ወደ ዓይንህ የሚወጣውን የብርሃን ክብ ታገኛለህ፦ 42 ሲካፈል ለ8፣ 5.25 ሚሊ ሜትር። ጎህ ሲቀድ የዓይንህ ብሌን ሰፍቶ ስለሚከፈት ያንን ሁሉ ብርሃን ይጠቀምበታል። ገበያ ላይ «20×50፣ እስከ ተራራው ጫፍ ያሳያል» እያሉ የሚሸጡት 2.5 ሚሊ ብቻ ይሰጥሃል፤ ጫካ ውስጥ ጨለማ ነው። በዚያ ላይ የእጅህን መንቀጥቀጥም 20 እጥፍ ያጎላዋል፤ የምታየው ወፍ ሳይሆን የልብ ምትህን ነው። ወደፊትና ወደኋላ የሚስተካከል ዙም ያለውን ደግሞ ጭራሽ አትንካው፤ የማየት ስፋቱ ጠባብ ስለሆነ ቅርንጫፍ ላይ ያለችውን ድንቢጥ እስክታገኛት ትበራለች።

ያገለገለ ከሆነ የምትገዛው፣ ሁለት ነገር እዚያው ሻጩ ፊት ፈትሽ። አንደኛ፣ 100 ሜትር ያህል ርቆ ያለ የመብራት ምሰሶ ወይም የጣራ ጠርዝ ላይ አነጣጥርና ባይኖኩላሩን ቀስ እያልክ ከዓይንህ ወደ ፊት አርቀው። ምስሉ ለሁለት ከተሰነጠቀ ወድቆ ውስጡ ያለው ፕሪዝም ተናግቷል ማለት ነው። ዓይንህ ለጥቂት ደቂቃ ያስተካክለዋል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ራስ ምታት ይለቅብሃል። ሁለተኛ፣ በፊት ለፊቱ በኩል የስልክ መብራት አብርተህ ወደ ውስጥ ተመልከት። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካየህ ሻጋታ ነው፤ ሌንሱን ይበላዋል፣ መጥረጊያም የለውም። የእኛ ክረምት ለዚህ ክፉ ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ባይኖኩላርህን በቆዳ ቦርሳው ውስጥ አታሳድረው፤ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከጫማ ካርቶን የምታገኛቸውን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጨምረህ አስቀምጠው።

ማስተካከያው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። መጀመሪያ ማጠፊያውን አስተካክለህ ሁለቱን ክቦች አንድ አድርግ። ቀኝ ዓይንህን ጨፍነህ በመካከለኛው መዘውር የግራውን አጥራ። ከዚያ ግራህን ጨፍነህ፣ መካከለኛውን ሳትነካ፣ በቀኙ የዓይን ማሳረፊያ ላይ ባለው ቀለበት የቀኙን አጥራ። ቀለበቱ የቆመበትን ምልክት አስታውስ፤ ከዚህ በኋላ የምትነካው መካከለኛውን ብቻ ነው። መነጽር የምታደርግ ከሆነ የዓይን ማሳረፊያውን ጎማ ወደ ታች አውርደው፤ ካላደረግህ ወደ ላይ ይውጣ። ሌንሱን በሸሚዝ ወይም በነጠላ ጫፍ አትጥረግ። አቧራው አሸዋ ነው፣ ሽፋኑን ይጭረዋል። መጀመሪያ ንፋበት፣ ቀጥለህ በለስላሳ ብሩሽ አራግፍ፣ ጨርቅ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ከውጭ ዘመድ የሚያመጣልህ ከሆነ ደግሞ አስቀድመህ ጉምሩክን ጠይቅ። ባይኖኩላር ኤርፖርት ላይ ሊያዝ የሚችል ዕቃ ነው።

መስኮት 4፦
እናመሰግናለን፤ ሁለታችሁም እጅግ ጠቅማችሁኛል። ኢበርድ የሚባለውን የስልክ መተግበሪያ ጭኜ የመጀመሪያ ዝርዝሬን ከወረቀት ገለበጥኩ። ከጠዋቱ 12:30 የጀመርኩትን ሳስገባ ሁለት ወፎች ላይ «እርግጠኛ ነህ?» የሚል ጥያቄ መጣብኝ፤ ቀኑም ገና ያልደረሰ ወር ላይ ተቀመጠ። ምን አጠፋሁ?

አጥቢያ፦
ያጠፋኸው የሰዓትና የዘመን ምንዛሪ ነው፤ አገራችን ውስጥ ዋነኛው የመዝገብ ስሕተት ይኸው ነው። መተግበሪያው የሚያውቀው የፈረንጆቹን ቀንና የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ከጠዋቱ 12:30 ስትል ለእሱ እኩለ ቀን ካለፈ ግማሽ ሰዓት ነው፤ አንተ ያልከው ግን 06:30 ነው። የቀኑ ሰዓት ላይ 6 ደምር፦ 1:15 ማለት 07:15፣ 4 ሰዓት ማለት 10:00። 12 ሰዓትን ግን እንደ ዜሮ ቁጠረው፤ 12:30 ላይ 6 ብትደምር 18:30 ይወጣና የማታ ይሆንብሃል። የዓመቱ ልዩነት ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ታኅሣሥ መጨረሻ 7 ነው፤ ከጥር አንዳቸው በኋላ 8 ይሆናል። በዚህች ስምንትና ሰባት ምክንያት አንድ ዓመት ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት የተመዘገበ ስንት ዝርዝር አለ!

የሌሊት ወፍ ፈላጊዎች (ጉጉት ማለቴ ነው፣ የሌሊት ወፍማ ወፍ አይደለችም) ሌላም ወጥመድ አለባቸው። ሰኞ አምሽተህ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጉጉት ብትሰማ፣ በእኛ አነጋገር ገና «ለማክሰኞ አጥቢያ» ነው፤ ለመተግበሪያው ግን ማክሰኞ 03:00 ነው። ደብተርህ ላይ «ለማክሰኞ አጥቢያ» ብለህ ጻፍ፤ ያኔ ስትገለብጥ አትሳሳትም።

ጥያቄው የመጣብህ ሰው ጠርጥሮህ ሳይሆን ማጣሪያው ነው። ለየአካባቢው፣ ለየወሩ፣ የሚጠበቀው ወፍና ብዛት ተቀምጧል፤ ከዚያ የወጣውን ያስቆመዋል፣ ከዚያም በጎ ፈቃደኛ መርማሪ ያየዋል። ቀንህ ተሳስቶ ስለነበር በዚያ ወር የማይጠበቅ ስደተኛ ወፍ ያስገባህ መስሎታል። ቀኑን አስተካክለህ አሁንም ጥያቄው ካለ፣ «አውቀዋለሁ» ብለህ አትለፍ፤ ያየኸውን ምልክት ጻፍ፦ ምን ያህል ርቀት፣ ፀሐይ በየት በኩል፣ ምን ዓይነት ቀለም የት ላይ፣ ከምን ጋር እንዳነጻጸርከው። «በጣም ግልጽ ነበር» የሚል ማስረጃ ፊርማ የሌለው ቼክ ነው።

ለእያንዳንዱ ጉዞ የሚያስፈልጉህ፦ ቦታ፣ ቀን፣ የጀመርክበትና የጨረስክበት ሰዓት፣ የተጓዝክበት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ሰው እንደነበራችሁ፣ ዳመናና ንፋስ፣ እያንዳንዱ ወፍ በቁጥር። «ሱሉልታ» ብሎ መጻፍ አድራሻ አይደለም፤ ሱሉልታ ሜዳ ነው፣ ጨፌ ነው፣ ከተማ ነው። ጂፒኤሱን ያዝ ወይም «ከድልድዩ በስተምዕራብ 400 ሜትር፣ ከወንዙ ዳር» በል። አንድ ዝርዝር ከ8 ኪሎ ሜትር አይብለጥ፤ ከ2 ካነሰማ እሰየው። መኪና ይዘህ 60 ኪሎ ሜትር ሄደህ ሁሉን በአንድ ዝርዝር ብትከት ወፏ እንጦጦ ላይ ትሁን ሰላሌ ማንም አያውቅም።

ከሁሉ የሚበልጠው «ያየሁትንና የለየሁትን ሁሉ መዝግቤያለሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ብርቅ ብርቁን ብቻ መርጠህ ከጻፍክ መልስህ «አይ» መሆን አለበት። ሁሉንም ከጻፍክ ግን ያልተጻፈው ወፍ «አልታየም» ማለት ይሆናል፤ ይህ ራሱ መረጃ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ጥንብ አንሳ ከከተማ እየቀነሰ ነው ወይስ አይደለም ለሚለው መልስ የሚሰጠው የዜሮዎቹ መዝገብ ነው። ማታ ካዝና ሳይመሳከር ቅርንጫፉ እንደማይዘጋ ሁሉ፣ ዝርዝሩም በዚያው ቀን ይዘጋ። ከሦስት ቀን በኋላ የሚጻፍ ቁጥር ፈጠራ ነው።

ስለ ቁጥር ካነሳሁ፦ የመንጋ አቆጣጠር እናንተ ቤት የለመዳችሁት ነው። 10 ወፍ አንድ በአንድ ቁጠርና ያ 10 በዓይንህ ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ልብ በል። በዚያ ልክ 100 ሥራ። ከዚያ መንጋውን በመቶ እስር ለካው። የሚበር መንጋ ከሆነ ከፊት ጀምር፤ ከኋላ ብትጀምር ያልፉሃል። ዛፍ ላይ ያረፈ መንጋ ሁሌም ከገመትከው ይበልጣል፤ የሚዞር ጭላት ግን ሁልጊዜ ያነሰ ነው፤ አንዱን ሦስቴ ቆጥረኸዋልና። በአንድ ጊዜ ሰማይ ላይ ያየኸውን ከፍተኛ ቁጥር ጻፍ።

ጋጋኖ፦
እኔ ወደ ወፎቹ ልግባ። ብርቁን ከማሳደድህ በፊት የጓሮህን ሃያ ወፍ ፈጽመህ እወቅ። የተለየው የሚታወቀው የተለመደው ሲታወቅ ነው።

ቁራ። አዲስ አበባ ላይ ቢያንስ ሦስቱን ለይ። ደረቱና አንገቱ ዙሪያ ነጭ የሆነው አንድ ነው። ትልቁ፣ መንቁሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረው፣ ከማጅራቱ ላይ ብቻ ነጭ ነቁጣ ያለው ሁለተኛው ነው፤ ይህ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ አካባቢ ውጭ የለም ማለት ይቻላል። ሦስተኛው ሙሉ ጥቁር ሆኖ ጭራው ከማጠሩ የተነሳ ሲበር ጭራ የሌለው የሚመስለው ነው፤ ገደል ይወዳል። ጀማሪ የሚሳሳተው ነጩን ሲያይ «ወፍራም መንቁር» ማለቱ ነው። ነጩ ከፊት ነው ወይስ ከኋላ? እሱን ብቻ ጠይቅ።

ርግብ። ጣራህ ላይ ያለው ሁሉ የቤት ርግብ አይደለም። ግራጫ ሆኖ ማጅራቱ ላይ ነጭ መቀነት ያለው፣ ሲበር ክንፉ ላይ ነጭ የሚያሳየው የደጋችን የራሱ ርግብ ነው። ዓይኑ ዙሪያ ቀይ ሆኖ ቡናማ ክንፉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የረጨበት ደግሞ ሌላ ነው።

ጋጋኖ (ስሜን የወሰድኩለት) ሣር ሜዳ ላይ የሚመገበው፣ ጠዋትና ማታ እየጮኸ የሚያልፈው ባለ ረጅም ጎባጣ መንቁር ነው። ሲበር ክንፉ ላይ ሰፊ ነጭ ይታያል፤ ጉሮሮው ሥር የተንጠለጠለች ሥጋ አለችው፣ ከቅርብ ካልሆነ አትታይም። ቆላ ወረድ ስትል የቅርብ ዘመዱ አለ፤ ያኛው ነጩ የለውም።

ጭላት ጭራው መሐሉ የተቆረጠ ነው። መንቁሩ ሙሉ ቢጫ የሆነው የአፍሪካው ነው፤ ከመስከረም በኋላ መንቁሩ የጠቆረ ከታየህ ከአውሮፓና ከእስያ የመጣው ስደተኛ ሊሆን ይችላል። ወጣቱ ጭላትም ግን መንቁሩ ጥቁር ስለሆነ በዚህ ብቻ አትፍረድ።

ስም ላይ ምክር አለኝ። በአማርኛ ቆቅ፣ ድንቢጥ፣ ዋኖስ፣ ንስር ስንል የምንጠራው ቤተሰቡን እንጂ ዝርያውን አይደለም። የእንግሊዝኛውም ስም ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይቀያየራል። ደብተርህ ላይ የሳይንስ ስሙን ያዝ፤ የአገሬው ሰው የሚጠራበትን ስም ከነቦታው ጎኑ ጻፍ። የመንዝ ስምና የጎጃም ስም ለአንድ ወፍ ላይገጥም ይችላል፤ ይህ ራሱን የቻለ ሀብት ነው። «የአገራችን ብቻ የሆኑ ወፎች ስንት ናቸው?» ብለህ ስትጠይቅ የተለያየ ቁጥር ቢነግሩህም አትደናገጥ። ጋጋኖ፣ ባለ ወፍራም መንቁሩ ቁራና ባለ መቀነቱ ርግብ ከኤርትራ ጋር የጋራ ናቸው፤ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ ግን የኢትዮጵያ ብቻ ነው። አንዱ መጽሐፍ ሁለቱን አገሮች አንድ ላይ ይቆጥራል፣ ሌላው ለየብቻ።

ወቅት፦ መስከረምና ጥቅምት ያዝ። በክረምቱ የሚራቡት ወንዶች ገና ቀይና ቢጫ ላባቸውን እንደለበሱ ናቸው፤ ከሰሜን የሚመጡት ስደተኞችም መግባት ጀምረዋል። ጥር ላይ ብትጀምር እነዚያ ቀያዮችና ቢጫዎች ሁሉ ቡናማ ዝንጉርጉር ሆነው ከሴቶቹ አይለዩም፤ ለጀማሪ ተስፋ አስቆራጭ ነው። አንዱን ወፍ ሦስት ዝርያ አድርገው የሚመዘግቡትም በዚህ ጊዜ ነው።

ቦታ፦ ለእሑድ ጠዋት ገፈርሳ ቅርብ ነው፤ ከከተማው በስተምዕራብ 18 ኪሎ ሜትር ያህል። የመጠጥ ውሃ ግድብ ስለሆነ ጥበቃ አለ፤ አስፈቅድ፣ ግድቡ ላይ ካሜራ አታንሳ። ሰማያዊ ክንፉን ዝይ ሣሩ ላይ ፈልገው፤ ውሃ ውስጥ ብዙ አይቆይም፣ ቆሞም እየሄደም አንገቱን አጥፎ ጀርባው ላይ ያሳርፋል። ከሩቅ ግራጫ ድንጋይ ይመስላል። በክረምት ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይበተናል፣ በበጋ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ሐምሌ ላይ 2፣ ታኅሣሥ ላይ 40 ብታይ ቁጥሩ ጨመረ ማለት አይደለም። እዚያው ጨፌ ዳር ቀይ ቡናማ ሆኖ ጭራውን ቀጭ ቀጭ እያደረገ ከሥሩ ነጭ የሚያሳይ፣ ሰው የማይፈራ ወፍ ታገኛለህ፤ ዘመዶቹ ሁሉ ተደባቂ ሲሆኑ እሱ ብቻ ደፋር ነው።

ለቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢሾፍቱ ሂድ። የጫካ ወፍ ከ4 ሰዓት በኋላ ዝም ይላል፣ የሐይቅ ወፍ ግን ቀኑን ሙሉ አደባባይ ላይ ነው። አረንጓዴ ሐይቅ ሶዳ ስለሆነ ፍላሚንጎ ይመጣበታል፤ የቀሩት ዳክዬ ይይዛሉ። ፀሐይ ከኋላህ እንድትሆን ከሰዓት በኋላ በምዕራቡ ዳርቻ ቁም፤ ያለበለዚያ የምታየው ጥላ ብቻ ነው።

ጫካ ከፈለግህ ባሕር ዛፍ ውስጥ ጊዜህን አታጥፋ፤ ወፍ አይበዛበትም። ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ ያለበትን ፈልግ፦ መናገሻ ሱባ፣ ወይም በቅርብህ ያለ የጥንት ደብር ቅጥር። (የመናገሻ ጥድ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ዘሩ ከወፍ ዋሻ መጥቶ ተተከለ ይባላል፤ ስሙ ራሱ ደስ ይላል።) ደብር ከሆነ አስተዳደሩን አስፈቅድ፣ ቅዳሴ ሲወጣ ግባ፣ ባይኖኩላሩን ወደ ሰው አታዙር። ደብረ ሊባኖስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሙሉ እሑድ ይወስዳል፤ ለገደል ወፎችና ለትላልቆቹ ጥንብ አንሳዎች ከ3 ሰዓት በፊት አትጓጓ። አየሩ ሞቆ ወደ ላይ ካልተነሳ እነሱም አይነሱም። መንገዱ ሰላም መሆኑን በዚያው ሳምንት ጠይቅ።

ከዚህ ሁሉ አንዱን ቦታ «የእኔ» በለው፤ ከቤትህ በእግር የሚደረስ ይሁን። በየሳምንቱ በተመሳሳይ መንገድ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። አሥር ቦታ አንድ አንድ ጊዜ ከመሄድ ይህ ይበልጣል። ወፉ ጠፋ ወይስ አንተ ሰነፍክ የሚለው የሚለየው በዚህ ብቻ ነው።

ጥድ ሥር፦
ከገፈርሳ ዳር ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። ሱሉልታና ገፈርሳ ላይ ብቻ የሚውል ሰው 10×42 ቢይዝ አይከፋም፤ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ወፉ ሩቅ ነው። ጫካ ለሚገባ ግን 8 የሚለው ትክክል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አልተነሳም፦ ድምፅ። ስልክህ ላይ ያለው መቅረጫ ይበቃል። ጥራቱን ከፍተኛው ላይ አድርግ፤ ተጨምቆ የሚቀመጠው ቀጭን ድምፆችን ይቆርጣል። ስልኩን ከሰውነትህ አርቀህ ያዝ፣ ልብስ እንዳይንኮሻኮሽ፤ ከመጀመርህ በፊት ቦታውንና ሰዓቱን በድምፅህ ተናገር፤ ከዚያ 30 ሴኮንድ ያህል ዝም በል። ወፍን በድምፁ የሚለየው ሜርሊን የተባለው የስልክ መተግበሪያ ስሙን ቢነግርህ እንደ ጥቆማ ውሰደው፤ ወፉን በዓይንህ ሳታይ ወይም ድምፁን ራስህ ሳታውቀው ወደ ዝርዝር አታስገባ።

የተቀዳ ድምፅ መልሰህ በማጫወት ወፍ መጥራትን ግን ተወው። ወንዱ ተቀናቃኝ መጣ ብሎ ጎጆውን ትቶ ይመጣል፤ እንቁላሉ ይበርዳል፣ ቁራ ይወስደዋል። በተለይ ጥቂት በቀሩት ላይ ነውር ነው። ነጌሌ ቦረና አጠገብ ያለችው የሊበን ሜዳ ወፍ የሣር ሜዳዋ በግጦሽ፣ በእርሻና በቁጥቋጦ ስለተበላባት ከዓለም እጅግ አደጋ ላይ ካሉት አንዷ ናት፤ እሷን በድምጽ ማጉያ ማሯሯጥ ምን ይባላል? ጎጆ ያገኘህበትንም ቦታ ለሕዝብ አትለጥፍ።

መስኮት 4፦
ያቤሎ ያለው ቁራ መሰል ወፍ ለምን ከዚያ አይወጣም የሚለውን ማንም ሊመልስልኝ አልቻለም። ለወደፊት ዓመታዊ ፈቃዴን እዚያ ለማሳለፍ አስቤያለሁ። በውሃ ወፎች ቆጠራ ላይስ መሳተፍ ይቻላል?

ማኅደር፦
ያቤሎ፦ ግራጫ፣ ዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ ያለው ወፍ ነው የምትለው። ለረጅም ጊዜ እንቆቅልሽ ነበር፤ ዙሪያው ያለው ቁጥቋጦ አንድ ዓይነት ነው፣ ምግቡም አለ፣ እሱ ግን መስመር የተሰመረለት ይመስል አይወጣም። መስመሩ ሙቀት ሆኖ ተገኘ። የሚኖርበት ከዙሪያው ቀዝቀዝ ያለ ከፍታ ነው፤ አማካይ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች። ቀኑ ሲግል አፉን ከፍቶ ያለከልካል፣ ጥላ ይፈልጋል፣ መመገቡን ይቀንሳል። ስለዚህ ስትሄድ ያየህበትን ሰዓት ከሙቀቱ ጋር መዝግብ፤ ርካሽ ቴርሞሜትር ይዘህ ሂድ፣ ጥላ ውስጥ ስቀለው። ነጭ ጭራ ያለው የዚያው አገር ወንጭፊት መሰል ወፍም እዚያው ይገኛል። ለሁለቱ ሦስት ሙሉ ቀን መድብ።

አጥቢያ፦
ቆጠራው በፈረንጆቹ ጥር አጋማሽ አካባቢ በብዙ አገር በአንድ ሰሞን የሚደረግ ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ መጨረሻና ጥር መጀመሪያ ላይ ይወድቃል። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን ኅዳር ላይ ጠይቅ፤ ጥር ላይ ብትጠይቅ ቡድኑ ተሟልቷል። ጀማሪን መጀመሪያ የሚያስይዙት ጽሕፈት ነው፦ አንዱ በቴሌስኮፕ እያየ ይጠራል፣ አንዱ ይጽፋል። አትናቀው፤ ጠሪው ዓይኑን ሳያነሳ እንዲቆጥር የሚያደርገው ጸሐፊው ነው። የሰማኸውን ቁጥር መልሰህ ጮክ ብለህ አንብብለት፤ በንፋስ ውስጥ 60 እና 70 ይምታታሉ። እርሳስ ያዝ፣ እስክሪብቶ በጤዛ ይፈሳል፤ ጠዋት ሐይቅ ዳር ይበርዳልና ጣት የሚያወጣ ጓንትም አትርሳ።